ዘብ የተቆመለት ዝሆን፤ ዘብ ያልቆመለት ጉም

ወታደር ዘብ የሚቆምለት ነገር ብዙ ነው። ለድንበር ይቆማል፤ ለድልድይ ይቆማል፤ ለጥይት ግምጃ ቤትና ለሰንደቅ ዓላማ ይቆማል። ለአንድ ዝሆን፣ ያውም በአገር መሪ ትእዛዝ፣ ቀንና ሌሊት የታጠቁ ዘቦች ተመደቡለት ቢባል ግን ለብዙዎቻችን ተረት ይመስላል። ነገሩ ተረት አይደለም። የሆነውም ከሞያሌ በስተደቡብ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በማርሳቢት ተራራ ደን ውስጥ ነው። ሞያሌ ላይ ዘብ ለሚቆም ሁሉ፣ ይህን ዘብ ቤቱ ሆኖ ለሚጠብቅ ቤተሰብም፣ ታሪኩ የጎረቤት ታሪክ ስለሆነ እነሆ በዛሬው የቤተሰብ ገጻችን እናቀርበዋለን።

ከቡቲዬ እስከ ተራራው

ቡቲዬ በኬንያዋ ሞያሌ የምትገኝ መንደር ናት። በአስተዳደር የምትገኘው በማርሳቢት ካውንቲ ሥር ነው። ስለዚህ የቡቲዬ ነዋሪ የካውንቲው ጉዳይ ሲኖረው ወደ ማርሳቢት ከተማ መውረድ ግድ ይሆንበታል። መንገዱ ቀድሞ በጭነት መኪና ላይ ተፈናጥጠው፣ በታጠቀ አጃቢ ተከበው፣ አቧራ እየቃሙ የሚጓዙበት የመከራ ጎዳና ነበር። ዛሬ አስፋልት ለብሷል። ይሁን እንጂ አስፋልቱ በረሃውን አላሳጠረውም። የሶሎሎን የድንጋይ ኮረብታዎች ወደ ጎን ትቶ፣ ቱርቢንና ቡቢሳን አልፎ፣ ጥቁር ድንጋይ በተነጠፈበት በዲዳ ገልገሉ ሜዳ ላይ የሚጓዝ ሰው ለዐይኑ ማረፊያ ዛፍ ያጣል።

ከዚያ በኋላ ነው እንግዳው ነገር የሚመጣው። ከሜዳው መካከል አንድ ተራራ ብድግ ይላል፤ በላዩም ጥቅጥቅ ያለ አረንጓዴ ደን ይታያል። ጧት በማለዳ ለሚደርስ መንገደኛ ተራራው ጉም ተከናንቦ ይቆየዋል። በአንድ ጉዞ ውስጥ ከጠራራው በረሃ ወጥቶ ሹራብ ወደሚያስለብስ ብርድ ይገባል።

የስሙም ነገር ለእኛ ጆሮ ባዳ አይደለም። ማርሳቢት ማለት «ማርሳ ቤት» ከሚለው አማርኛ የመጣ ነው፤ ማርሳም ከኢትዮጵያ የሄደ አንድ ገበሬ ነበር የሚሉ አሉ። የስሙ አመጣጥ በቃል የሚነገር እንጂ በማኅተም የጸና አይደለም። የቡርጂ ገበሬዎች ከኢትዮጵያ ተሻግረው በዚያ ተራራ ማረሳቸውና ልጆቻቸው ዛሬም ከቦረናው፣ ከገብራውና ከሬንዲሌው ጋር አብረው መኖራቸው ግን የታወቀ ነው።

ደኑ ውኃውን ከየት ያመጣል?

ማርሳቢት ጥንት እሳተ ገሞራ የነበረ ተራራ ሲሆን ከፍተኛው ጫፉ 1,707 ሜትር ይደርሳል። በላዩና በግርጌው እሳቱ የፈነዳባቸው ጥልቅ ጉድጓዶች አሉ፤ የአገሩ ሰው «ጎፍ» ይላቸዋል። ከእነዚህ አንዱ፣ ጎፍ ሶኮርቴ ጉዳ የሚባለው፣ ውኃ አቁሮ ሐይቅ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በሐይቁ ዳር ሠፍረው የዱር እንስሳትን ፊልም ያነሡ የነበሩት አሜሪካውያን ባልና ሚስት፣ ማርቲንና ኦሳ ጆንሰን፣ «የገነት ሐይቅ» ብለው ሰየሙት፤ ስሙም በዚያው ቀረ።

ታዲያ በበረሃ መካከል ይህ ደን እንዴት ሊበቅል ቻለ? መልሱ ጉሙ ነው። ከሕንድ ውቅያኖስ ተነሥቶ የሚመጣው እርጥብ ነፋስ ያን ሁሉ ቆላ ሲያቋርጥ የሚገታው አያገኝም። ማርሳቢትን ሲያገኝ ግን ሽቅብ ለመውጣት ይገደዳል። በወጣ መጠን ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝም እርጥበቱ ጉም ይሆናል። ሌሊቱን በዛፎቹ መካከል የሚሳበው ጉም በቅጠሉ፣ በቅርንጫፉና ከቅርንጫፉ እንደ ሽበት ጢም በተንዠረገገው ሽበት ላይ እየተጠራቀመ ጠብ ጠብ ይላል። ዝናብ ባልዘነበበት ሌሊት እንኳ ከዛፉ ሥር ያለው አፈር ይርሳል።

ከዚህ የምንረዳው ታላቅ ቁም ነገር አለ። ጉሙን ወደ ውኃ የሚለውጠው ዛፉ ነው። ዛፉ ከተቆረጠ ጉሙ እንደ መጣ አልፎ ይሄዳል። ውኃው ወደ ምድር ሰርጎ ምንጭ ሆኖ የሚወጣው ዛፉ ስላለ ነው። ለማርሳቢት ከተማ ውኃ ሲሰጥ የኖረው የባኩሊ ምንጭም የሚፈልቀው ከዚሁ ደን ነው። በተራራው ግርጌ የቦረና ጎበዛዝት በጥልቅ ጕድጓድ ውስጥ ተደራርበው ቆመው፣ በዜማ እየተቀባበሉ ለከብቶቻቸው ውኃ የሚያወጡባቸው ኤላዎች አሉ። ያ ዜማ እንዳይቋረጥ ከላይ ደኑ መኖር አለበት።

ነዋሪዎቹ

በደኑና በዙሪያው ባለው ፓርክ ዝሆን፣ ጎሽ፣ ቀንዱ የተጠማዘዘ አጋዘን፣ ነብር፣ ጅብ፣ ዝንጀሮና ጦጣ ይኖራሉ። በጎፎቹ ገደል ላይ አሞራና ንሥር ያንዣብባሉ። ወደ ቆላው ወረድ ሲባል ቀጭኔና መስመሩ የቀጠነ የሜዳ አህያ ይገኛሉ። ይህ የሜዳ አህያ በዓለም ሳይንስ የሚጠራው በፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት በዡል ግሬቪ ስም ነው፤ ምክንያቱም እ.ኤ.አ. በ1882 ከአገራችን በስጦታ ተልኮላቸው ስለነበር ነው። ዛሬ በዱር የሚገኘው በኬንያና በኢትዮጵያ ብቻ ነው።

ዝሆኖቹ እንደ አርብቶ አደሩ ወቅት ጠብቀው ይዘዋወራሉ። ዝናብ ሲጥል ወደ ቆላው ቁጥቋጦ ይወርዳሉ፤ በጋው ሲበረታ ውኃና ቅጠል ፍለጋ ወደ ደኑ ይመለሳሉ። በዚህ ጊዜ ማሳ ገብተው ሰብል ያበላሻሉ፤ ገበሬውም ሌሊቱን ሲጠብቅ ያድራል። የተራራው ነዋሪ ከዝሆን ጋር ያለው ጕርብትና የፍቅር ብቻ አይደለም። በመከራም የተፈተነ ነው።

አህመድ

ከእነዚህ ዝሆኖች መካከል እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አንድ ሽማግሌ ዝሆን ዝናው ወጣ። ጥርሶቹ እጅግ ከመርዘማቸው የተነሣ መሬት የሚነኩ ይመስሉ ነበር። ስሙ አህመድ ተባለ፤ «የማርሳቢት ንጉሥ»ም አሉት። ነገር ግን ዝናው ለሕይወቱ አስጊ ሆነ። በዚያ ዘመን በኬንያ ፈቃድ ያወጣ አዳኝ ዝሆን መግደል ይችል ነበርና፣ እንደዚያ ያለ ጥርስ ያለው ዝሆን የብዙ ጠመንጃ ዒላማ መሆኑ አልቀረም። ጉዳዩ ያሳሰባቸው ሰዎች፣ ከእነርሱም መካከል የትምህርት ቤት ልጆች፣ ለፕሬዚዳንቱ ደብዳቤ ጻፉ።

ፕሬዚዳንት ጆሞ ኬንያታ እ.ኤ.አ. በ1970 አህመድ እንዳይነካ በልዩ ድንጋጌ አዘዙ። የታጠቁ ጠባቂዎችም ተመደቡ። ዝሆኑ ሲሄድ ተከተሉት፤ ሲቆም ቆሙ፤ ሌሊቱን በጉም ውስጥ አብረውት አደሩ። ዘብ ቆሞ የሚያውቅ አንባቢ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም። የሚጠብቁት ጌታ አያመሰግንም፤ የዘብ መቀየሪያ ሰዓትም አያውቅም። እነርሱ ግን ትእዛዛቸውን ፈጸሙ።

አህመድ ጥር 9 ቀን 1966 ዓ.ም. ሞተ። ዕድሜው 55 ያህል ይገመት ነበር። እያንዳንዱ ጥርሱ ሲመዘን 67 ኪሎ ገደማ ሆነ። በአካሉ ላይ ለሞት ያበቃው ጥይት አልነበረም፤ ያረጀ ዝሆን እንደሚሞተው በእርጅናው ሞተ። የጠባቂዎቹ ድል ይህ ነበር። አምሳያው ዛሬም ናይሮቢ በሚገኘው ብሔራዊ ሙዚየም ግቢ ቆሞ ይታያል።

አህመድን የመሰለ ጥበቃ ያላገኙት ወገኖቹ ግን ዕጣቸው የከፋ ነበር። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ1977 አደንን ብትከለክልም፣ በሕገ ወጥ አዳኞች ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1973 ከ160 ሺህ በላይ ይገመት የነበረው የአገሪቱ ዝሆን ቍጥር በ1989 ወደ 16 ሺህ ገደማ ወረደ። በዚያው ዓመት የኬንያ መንግሥት 12 ቶን የዝሆን ጥርስ በአደባባይ አቃጠለ። አገራችንም እ.ኤ.አ. በ2015 ስድስት ቶን ያህል የዝሆን ጥርስ በአዲስ አበባ ጉለሌ አቃጥላለች። ጥበቃው ሲጠናከር የኬንያ ዝሆን መልሶ ተራባ፤ በ2021 በተደረገው ቆጠራ ከ36 ሺህ በላይ ሆኖ ተገኘ።

ጠመንጃ የማይመልሰው ጠላት

ይሁን እንጂ ዘብ ሁሉን አይመልስም። በምሥራቅ አፍሪካ ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሳይሳኩ ቀሩ። እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ፣ በዘጠኝ ወር ጊዜ ውስጥ፣ በኬንያ 205 ዝሆኖችና 49 የግሬቪ የሜዳ አህዮች በድርቁ ማለቃቸውን የአገሪቱ መንግሥት አስታወቀ። የቦረና አርብቶ አደር ከብቱን በዚያው ድርቅ አጣ፤ ከድንበሩ ወዲህም ሆነ ወዲያ ሐዘኑ አንድ ነበር።

በዚህ ቆላ የውኃ እጦት የሰውንም ታሪክ ለውጦ ያውቃል። አህመድ ሊሞት አምስት ቀን ሲቀረው፣ ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም.፣ በነገሌ ቦረና የሠፈረው የ4ኛ ብርጌድ ወታደር በምግብና በመጠጥ ውኃ ችግር ተማርሮ በአዛዦቹ ላይ ተነሣ። ከዚያ በኋላ በአገሪቱ የሆነውን ሁሉም ያውቀዋል። የውኃ ጉዳይ ለሠራዊት የኑሮ ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም።

እንግዲህ አህመድን ከጥይት የጠበቀው ጠመንጃ ነበር። ከጥም የጠበቀው ግን ደኑ ነው። ለዝሆኑ ድንጋጌ ወጣለት፤ ዘብም ተመደበለት። ዛፉን ግን ከመጥረቢያ ሁሉ ለመጠበቅ የሚበቃ የዘብ ቍጥር በየትም አገር አይገኝም። በማርሳቢት ሴቶች የማገዶ እሸክም ተሸክመው ከደን ሲወጡ ማየት የተለመደ ነው። ይህን የሚያደርጉት ክፋት ኖሯቸው ሳይሆን ማታ እሳት ስለሚያስፈልጋቸው ነው።

በአገራችንም ነገሩ ይኸው ነው። በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሚገኘው የሐረና ደን እንደ ማርሳቢት ጉም የሚያለብሰው፣ ቡና በዱሩ የሚበቅልበት፣ የባሌ ጦጣ የሚኖርበት ደን ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከባሌ ተራሮች የሚወርዱ ወንዞች፣ ገናሌም ከእነርሱ አንዱ ነው፣ በቆላው የሚኖሩ ሚሊዮኖችን ያጠጣሉ። እነዚህን ደኖች የሚያሰጋቸው ከአዳኙ ጠመንጃ ይልቅ የዕለት ማገዶና የእርሻ መስፋፋት ነው።

የምድጃው ዘብ

እዚህ ላይ ነገሩ ከደኑ ወጥቶ ወደየቤታችን ይገባል። በባህላዊው አከሳሰል አንድ ኪሎ ከሰል ለማግኘት ስድስት ኪሎና ከዚያም የሚበልጥ እንጨት ይነድዳል። በቀን ሁለት ኪሎ ከሰል የሚያነድድ አንድ ቤተሰብ እናስብ። በቀን 12 ኪሎ እንጨት፣ በዓመት ከ43 ኩንታል በላይ እንጨት ማለት ነው። እንግዲህ በአንድ የጦር ሠፈር ያሉትን ምድጃዎች ቍጥር እያንዳንዱ አንባቢ ራሱ ያባዛው።

መፍትሔው ከዐቅም በላይ አይደለም። በኬንያ ከ1980ዎቹ ጀምሮ የተስፋፋው፣ ቡቲዬ ገበያም ላይ ሰው ሁሉ የሚያውቀው፣ ውስጡ ሸክላ የሆነው ጂኮ፣ ከተራው የቆርቆሮ ምድጃ ይልቅ ከሰል ይቆጥባል። በእኛም አገር ለከሰል «ላቀች»፣ ለእንጀራ መጋገሪያ «ምርጥ» የተባሉት ምድጃዎች ከታወቁ ቆይተዋል። በእንዲህ ያለ ምድጃ ሲሶው ብቻ ቢቆጠብ፣ ያ አንድ ቤተሰብ በዓመት ከ14 ኩንታል በላይ እንጨት ከመንደድ አዳነ ማለት ነው። ከሰሉን ካነደዱ በኋላ የተረፈውን ፍም በአመድ አዳፍኖ ለነገ ማቆየትም እናቶቻችን ያስተማሩን ጥበብ ነው፤ ልንተወው አይገባም። ይህም የባለቤቲቱ ሥራ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። ምድጃውን የሚገዛው የአባወራው ኪስ፣ ችግኙን የሚያጠጣው የልጁ እጅ ነው።

ውድ የሠራዊቱ አባላትና ቤተሰቦች! ዛሬ ማታ ልጆቻችሁን ሰብስባችሁ የአህመድን ታሪክ ንገሯቸው። በበረሃ መካከል ስላለው አረንጓዴ ተራራ፣ በጉም ውስጥ ስላደሩት ዘቦች፣ ጥርሱ መሬት ሊነካ ስለደረሰው ሽማግሌ ዝሆን አጫውቷቸው። ያ ዝሆን እንዲድን ደብዳቤ ከጻፉት መካከል እንደ እነርሱ ያሉ ልጆች እንደነበሩም አትርሱ። ከዚያም ከግቢው ጥግ አንድ ዛፍ ምረጡና ለእያንዳንዱ ልጅ የማጠጫ ቀን መድቡለት። ዘቡ ሲቀየር ተረኛው ይታወቅ፤ ውኃውም ይፈስስ።