ምልክት አንሺው ኢንዛይም

የሰው ሕዋስ ፕሮቲኖች እንደ ግንብ ድንጋይ አንድ ጊዜ ተሠርተው የሚቀመጡ አይደሉም፤ ያለማቋረጥ ይሠራሉ፣ ያለማቋረጥም ይፈርሳሉ። የአንድ ፕሮቲን መጠን፣ ከላይ እየተሞላ ከታች እንደሚፈስ የውኃ ማጠራቀሚያ፣ በሚገባውና በሚወጣው ሚዛን ይወሰናል። እኛን የፊዚክስ ሰዎችን ወደ ሥነ ሕይወት የሚስበንም ይኸው ሚዛን ነው።

ሊፈርስ የተለየ ፕሮቲን ዩቢኩዊቲን የሚባል፣ ከ76 አሚኖ አሲዶች የተሠራ ትንሽ ፕሮቲን በሰንሰለት መልክ ይለጠፍበታል። ፕሮቲያሶም የተባለው የሕዋሱ መፍጫም ምልክቱን ለይቶ ይቆራርጠዋል። ይህን ሥርዓት የደረሱበት አሮን ቼካኖቨር፣ አቭራም ኸርሽኮና ኧርዊን ሮዝ እ.ኤ.አ. በ2004 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

ይሁን እንጂ የተለጠፈው ምልክት ሊነሣ ይችላል። ይህን የሚያከናውኑ ወደ 100 የሚጠጉ ኢንዛይሞች በሰው ሕዋሳት ውስጥ ይገኛሉ። ከእነዚህ አንዱ ዩኤስፒ7 ነው።

የዩኤስፒ7ን ሥራ ለመረዳት ፒ53 የተባለውን ፕሮቲን ማወቅ ያስፈልጋል። ፒ53 ዲኤንኤ ሲጎዳ የሕዋሱን መከፋፈል ይገታል፤ ጉዳቱ ከበረታም ሕዋሱ ራሱን እንዲያጠፋ ያደርጋል። በዚህም ከካንሰር ይጠብቀናል። በጤናማ ጊዜ ግን ኤምዲኤም2 የተባለ ሌላ ፕሮቲን የመፍረስ ምልክት እየለጠፈበት መጠኑን ዝቅ ያደርገዋል።

እ.ኤ.አ. በ2002 ዩኤስፒ7 ይህን ምልክት ከፒ53 ላይ እንደሚያነሣ ታወቀ። እንግዲያው ኢንዛይሙ ቢወገድ ፒ53 መመናመን ነበረበት። በ2004 ግን ተመራማሪዎች የዩኤስፒ7ን ዘረመል ከሰው የካንሰር ሕዋሳት ሲያስወግዱ ፒ53 በአንጻሩ በዛ!

ምክንያቱ ምንድን ነው? ኤምዲኤም2 ምልክቱን በራሱም ላይ ይለጥፋል፤ ከመፍረስ የሚያድነውም ያው ዩኤስፒ7 ነው። ኢንዛይሙ አሳዳጁንም ተሳዳጁንም ይጠብቃል ማለት ነው። እርሱ ሲጠፋ ቀድሞ የሚፈርሰው አሳዳጁ ኤምዲኤም2 ሲሆን፣ ፒ53 ግን የሚያፈርሰው አጥቶ ይከማቻል።

ይህ ግኝት ለሕክምና ተስፋ ሰጥቷል። ፒ53 ሳይበላሽ በቀረባቸው ካንሰሮች ዩኤስፒ7ን የሚያግድ መድኃኒት የተኛውን ጠባቂ ሊቀሰቅስ ይችላል በሚል እሳቤ የተለያዩ ውሁዶች በቤተ ሙከራ ተፈትሸዋል። ሆኖም ዩኤስፒ7 ሌሎች በርካታ ፕሮቲኖችንም ስለሚጠብቅ እርሱን ማገድ ጤናማ ሕዋሳትንም ሊጎዳ ይችላል። በሚዛን በተያዘ ሥርዓት ውስጥ የአንድን ክፍል ሥራ ማወቅ ብቻውን፣ ያ ክፍል ሲጎድል የሚሆነውን ለመተንበይ አይበቃም።