ትኩስ ጀበና የጨበጠ እጅ

ጀሪፍ በሚባለው የካርቱም ሰፈር «ጀበና» ብለው ሲያዙ የሚመጣልዎ ዕቃው ብቻ ሳይሆን ቡናው ነው። ሱዳኖች ቡናውንም በማፍያው ስም ይጠሩታል። ካርቱም በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነት ሳይገባባት በፊት፣ እዚህ ሰፈር ባንበር በሚሏት በገመድ የተጠለፈች ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ዝንጅብል የገባበት ቡና መጠጣት የብዙ ሀበሻ የማታ ልማድ ነበር። እኔም አንድ ማታ ወሬ ይዞኝ፣ ስኒ ያነሳሁ መስሎኝ ከሰል ላይ የተጣደውን ጀበና ሆዱን ጨበጥኩት። ቡና አፍይዋ ሳቋን መያዝ አቃታት፦ «ምነው ወንድሜ፣ እስኪቀዳልህ ብትታገስ!»

እጄን የሰበሰብኩት አሞኝ አይደለም። ሕመሙ የመጣው እጄ ከተነሳ በኋላ ነው።

የጣት ቆዳ ውስጥ ሙቀት 43 ዲግሪ ገደማ ሲያልፍ የሚነቁ የነርቭ ጫፎች አሉ። መልእክታቸው በክንድ ሽቅብ ወጥቶ አንገት አካባቢ ህብለ ሰረሰር ውስጥ ይገባል። ህብለ ሰረሰር በአከርካሪ አጥንት ቦይ የሚወርድ፣ ውፍረቱ ትንሿን ጣት የሚያክል፣ በአዋቂ ሰው 45 ሴንቲ ሜትር ያህል የሚረዝም ገመድ ነው። ከግራና ከቀኙ 31 ጥንድ ነርቮች ይወጣሉ። የጀበናው ጉዳይ የተወሰነው እዚያው ነው፤ ትእዛዙ ለክንድ ጡንቻ ወረደ፣ እጅ ተሰበሰበ። አንጎል ወሬውን ያገኘው እንደ ዋና መሥሪያ ቤት በግልባጭ ነው።

ሕመሙም አንድ አልነበረም። መጀመሪያ እንደ መርፌ ወጋ አደረገኝ፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ያ የታወቀው ማቃጠል ተከተለ። መንገዳቸው ለየቅል ነው። የመጀመሪያውን የሚያደርሱት ማይሊን የሚባል ስብ መሰል ሽፋን የለበሱ፣ በሰከንድ ከ5 እስከ 30 ሜትር የሚሄዱ ቀጫጭን ነርቮች ናቸው። ሁለተኛውን የሚያመጡት ሽፋን የሌላቸው ሲሆኑ በሰከንድ 1 ሜትር ያህል፣ በእግረኛ ፍጥነት ያዘግማሉ።

ሚጥሚጣ «ያቃጥላል» የምንለውም ያለ ነገር አይደለም። የትኩስ ነገርን ወሬ የሚቀበለው የነርቭ በር በቃሪያና በሚጥሚጣ ቅመምም ይከፈታል፤ የዝንጅብሉም ቅመም ያንኑ በር ያንኳኳል። ይህን በር እ.ኤ.አ. በ1997 ከነባልደረቦቹ ያገኘው ዴቪድ ጁሊየስ በ2021 የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል። አማርኛችን ግን ቀድሞት ነበር ብል ትንሽ መመካት ይሆንብኛል።

ቡናው ራሱ የሚሠራው አንጎል ላይ ነው። 1.4 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝነው አንጎል 86 ቢሊዮን ያህል የነርቭ ህዋሳት አሉት፤ ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ሆኖ ሳለ ከጉልበቱ 20 በመቶውን ይበላል። ሲሠራ ሲውል አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር ይከማችና «በቃህ፣ ተኛ» ይለዋል። ካፌይን የአዴኖሲንን መቀመጫ ቀድሞ ይይዝበታል። ድካሙ አልሄደም፤ ወሬው ነው የታፈነው።

ባንበር ላይ ብዙ የቆየ ሰው ሲነሳ እግሩ ደንዝዞ ጉንዳን የወረረው ይመስለዋል። ነርቩ ስለተጫነ ነው፤ ሲለቀቅ ወዲያው ይመለሳል። ከአባይ ዳር የጡብ እቶኖች ሸክም ሲያነሳ የዋለ ሰው ወገቡን ይዞት እስከ ተረከዙ ሲነዝረው ግን ሌላ ነው፤ ብዙ ጊዜ በአከርካሪ አጥንቶቹ መካከል ያለው ዲስክ የነርቩን ሥር ተጭኖታል። ዐረብኛ ይህን በሽታ «ዒርቅ አን-ነሳ» ይለዋል፤ ዒርቅ ደግሞ የደም ሥር ነው። እኛም ነርቩን «ጅማት» እያልን ጡንቻን ከአጥንት ከሚያስረው ጋር ስንደባልቀው ኖረናል። ሁለቱም ቋንቋ ክር መሰል ነገር መኖሩን ያውቃል፤ የትኛው ክር እንደሆነ ነው የተምታታበት።

እንደኔ ጀበና ከጨበጡ እጅዎን 20 ደቂቃ ያህል ቀዝቃዛ ወራጅ ውሃ ሥር ያቆዩ፤ የጥርስ ሳሙና አይቀቡት። ቆዳው ነጥቶ ወይም ጠቁሮ ሲነኩት የማያምዎ ከሆነ ግን የነርቮቹም ጫፍ አብሮ ተቃጥሏልና ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።