አረንጓዴው ብቻውን አያሻግርም

እዚህ አሽዶድ ውስጥ መንገዱ እየተቀየረ ነው። ለአውቶቡስ የተለየ መስመር፣ ለብስክሌትም የራሱ መንገድ እየተሠራ ነው። መልካም ነው፤ ለለመደ እግር ግን አዲስ ነው።

በቀደም አንዲት እናታችን ራምዞሩ አረንጓዴ ሲሆንላቸው መሻገር ጀመሩ። መኪናው ቆመላቸው። ከመኪናው ኋላ ግን የኤሌክትሪክ ብስክሌት ድምፅ ሳያሰማ መጣና ነጠላቸውን ነክቶ አለፈ። ነጂው ተማሪዬ ነው፤ ገና 15 ዓመቱ። «አላየኋቸውም» አለኝ። አባቱ የገዛለት ከጓደኞቹ እንዳያንስበት ብሎ ነው።

ሕጉን እንወቀው። ከ16 ዓመት በታች የኤሌክትሪክ ብስክሌት መንዳት ክልክል ነው። ካስዳ ግዴታ ነው። በእግረኛ መንገድ ላይ አይነዳም፤ በእግረኛ መሻገሪያ ላይ ደግሞ ወርዶ እየገፉ ነው የሚታለፈው። ባለ መኪናም ሲታጠፍ ለሚሻገር እግረኛ ቅድሚያ መስጠት አለበት።

በአገራችን ወንዝ ስንሻገር በዱላ ጥልቀቱን እንለካ ነበር። እዚህ ዱላችን ዓይናችን ነው። አረንጓዴ ቢበራም ግራ ቀኙን እዩ፤ ከቆመው መኪና ኋላም እዩ።

ዕብራይስጡን ልጆቻችን ያስተምሩናል። ይህን ግን እኛ እናስተምራቸው። ልጁ 16 ሳይሞላው «ግዙልኝ» ቢላችሁ፣ እንቢ በሉት።