የባትሪ ውሃ እንዳይጎድል

ለሰው አገልግሎት የተሠራ ዕቃ ሁሉ የሚያስፈልገውን በጊዜው ካላገኘ ባለቤቱን አያገለግልም። ፋኖስ ጋዙን፣ ምጣድ ማሰሻውን፣ ወፍጮም መወቀሩን ይሻል። ባትሪም እንደዚሁ የራሱ ቀለብ አለው፤ ቀለቡም ንጹሕ ውሃ ነው።

ለዚህ ነገር ምሳሌ የምናደርገው የጎልፍ ጋሪ የሚባለውን ትንሽ ተሽከርካሪ ነው። ይኸውም ጎልፍ ተጫዋቾች ከነመምቻቸው ተቀምጠው ሰፊውን ሜዳ የሚዞሩበት ነው። በአሜሪካ አገር ግን ከመጫወቻው ሜዳ ወጥቶ የሰፈር መጓጓዣ እስከ መሆን ደርሷል፤ በጆርጂያ ግዛት በፒችትሪ ሲቲ ከተማ ለዚሁ ጋሪ የተዘረጋው መንገድ ከ160 ኪሎ ሜትር አያንስም። ከእነዚህ ጋሪዎች ብዙዎቹ በኤሌክትሪክ የሚሄዱ ናቸው፤ 6 ባለ 6 ቮልት ባትሪዎች ተያይዘው 36 ቮልት፣ ወይም 6 ባለ 8 ቮልት ባትሪዎች ተያይዘው 48 ቮልት ይሰጣሉ። የመኪና ባትሪ ሞተር ለማስነሣት ለጥቂት ሴኮንድ ብርቱ ኃይል ሰጥቶ ወዲያው ይተካል፤ የጋሪው ባትሪ ግን ኃይሉን ለብዙ ሰዓት ቀስ እያለ ይሰጥና ሲደክም እንደ ገና ይሞላል። ስለዚህ በውስጡ ያሉት የእርሳስ ሰሌዳዎች ወፍራሞች ናቸው።

ጋሪው በአገራችን በብዙ ቤት ባይገኝም፣ እንደዚህ ያለው ባትሪ ግን ከፀሐይ የተገኘውን ኃይል ለማታ መብራት ለማጠራቀም ያገለግላል። ስለዚህ ይህ ነገር ሩቅ አገር ላለ ሰው ብቻ የሚነገር አይደለም።

የእርሳስ ባትሪን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1859 ዓ.ም. የሠራው ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ ነው። ባትሪው በውስጡ ሴል በሚባሉ ጓዳዎች የተከፈለ ሲሆን እያንዳንዱ ጓዳ 2 ቮልት ያህል ይሰጣል፤ ባለ 6 ቮልቱ 3፣ ባለ 8 ቮልቱ 4 ጓዳ ያለው ስለዚህ ነው። በየጓዳው የእርሳስ ሰሌዳዎች ውሃና ሰልፈሪክ አሲድ በተቀላቀለበት ፈሳሽ ውስጥ ተነክረው ይቆማሉ።

ባትሪው ኃይል ሲሞላ፣ ይልቁንም ወደ መጨረሻው ሲቃረብ፣ ኤሌክትሪኩ ውሃውን ሃይድሮጅንና ኦክሲጅን ወደሚባሉት ሁለት ጋዞች ይከፍለዋል፤ ጋዞቹም በክዳኑ ቀዳዳ ይወጣሉ። አሲዱ ግን እዚያው ይቀራል። ነገሩ እሳት ላይ እንደ ቈየ ወጥ ነው፤ ውሃው ይተናል እንጂ ጨዉ አይተንም። ወጡ ጐደለ ብሎ ጨው የሚጨምር ባለሙያ አለመኖሩን እናቶች ሁሉ ያውቃሉ።

እኛ ግን ይህን ስተን ነበር። ውሃ በኤሌክትሪክ እንዴት እንደሚከፈል በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንጽፍ ብዙ ዘመን ኖረን ሳለ፣ የትምህርት ቤታችን የመብራት ባትሪዎች ፈሳሻቸው በጐደለ ጊዜ «አሲድ ጨምሩበት» ብለን አዘዝን። የበረታው አሲድ ሰሌዳዎቹን በላቸው፤ ብዙም ሳይቈይ ተማሪዎቻችን ማታ የሚያጠኑበት መብራት ጠፋ። ባትሪዎቹን ለመግዛት ያዋጡት ወላጆች ነበሩና በፊታቸው ቆመን ጥፋቱ የእኛ መሆኑን መናገር ግድ ሆነብን። ይህን የምንጽፈው ሌላው ሰው ከእኛ እንዲማር ነው።

እንግዲህ የሚጨመረው ውሃ ብቻ ነው። እርሱም የቧንቧ ወይም የምንጭ ውሃ አይደለም፤ በውስጡ ያለው ማዕድን ሰሌዳዎቹን ይጎዳልና። የሚሻለው ተፈልቶ እንፋሎቱ እንደ አረቄ በቅዝቃዜ ተመልሶ የተጠራቀመው፣ የተጣራ የባትሪ ውሃ ተብሎ የሚሸጠው ነው። ሲገዙም ውሃ እንጂ አሲድ አለመሆኑን ማረጋገጥ ይገባል።

ውሃው የሚጨመረው ባትሪው ኃይል ከሞላ በኋላ ነው። ፈሳሹ ኃይል ሲሞላ ስለሚያብጥ፣ አስቀድሞ ጢም ብሎ የተሞላ እንደ ሆነ አሲዱን ይዞ ይገነፍላል። ነገር ግን ሰሌዳዎቹ ከፈሳሹ በላይ ገልጠው ከታዩ፣ እስኪሸፈኑ ብቻ ጥቂት ጨምሮ ኃይል መሙላት፣ የቀረውንም ከዚያ በኋላ መጨመር ነው። ውሃ የተለየው የሰሌዳ ክፍል እየደረቀ ይጠነክራል፤ እንደ ቀድሞውም ኃይል አይይዝም። ልኩ ከመጨመሪያው አፍ ወደ ውስጥ ከወረደው አንገት ግርጌ ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ዝቅ ያለ ነው። ማንቆርቆሪያው የፕላስቲክ ይሁን እንጂ ብረት አይሁን።

ከሁሉ በላይ የምናስጠነቅቀው ስለ እሳት ነው። ሃይድሮጅን በአየር ውስጥ ከመቶ 4 እጅ ያህል ሲደርስ ከእሳት ጋራ ከተገናኘ ይፈነዳል። ማታ ጧፍ ወይም ክብሪት ለኩሶ ወደ ጓዳው ለማየት የሚያጐነብስ ሰው ፊቱን ለአደጋ ይሰጣል። ስለዚህ ባትሪው ነፋስ በሚገባበት ስፍራ ይቀመጥ፤ ምርመራውም በቀን ብርሃን ወይም በእጅ ባትሪ ይሁን። የሚሠራው ሰው የዓይን መከላከያና የጎማ ጓንት ያድርግ፤ ቀለበቱን ያውልቅ፤ ልጆችንም ያርቅ። አሲድ ዓይን ውስጥ የገባ እንደ ሆነ ሳይዘገዩ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በብዙ ንጹሕ ውሃ እያጠቡ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል።

ክዳናቸው የታሸገ ባትሪዎችና ሊቲየም የሚባሉት ውሃ አይጨመርባቸውም፤ በግድ መክፈትም አይገባም።

ክዳን የሚከፈትለት ባትሪ ያለው ቤተሰብ ግን የወሩን መባቻ የመመርመሪያ ቀን ቢያደርገው አይረሳውም። በቆላ አገር ባለ ቤትና ባትሪው ባረጀበት ቤት ውሃው ቶሎ ያልቃልና ከዚያም አዘውትሮ ማየት ይገባል። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህም ይሆናል፤ አንድ ጠርሙስ ውሃ በጊዜው ቢጨመር በብዙ ገንዘብ የተገዛውን ባትሪ ያድናል፤ የልጆችንም የማታ ብርሃን ይጠብቃል።