የምግብ ደን፦ ከጨንቻ ጓሮ ወደ ሽሮ ሜዳ ተዳፋት

ሽሮ ሜዳ ሲነሳ ለብዙዎች ቀድሞ የሚታወሳቸው ነጠላውና ቀሚሱ ነው። በአዲስ አበባ ጉለሌ ክፍለ ከተማ፣ ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ በሚገኘው በዚህ ሰፈር ከዋናው መንገድ ግራና ቀኝ የሐበሻ ልብስ ተሰቅሎ ይሸጣል። ከተራራው ደግሞ የባህር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው የተሸከሙ እናቶች ይወርዳሉ።

ባህር ዛፍ በአፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን ከገባ ጀምሮ የአዲስ አበባ ማገዶና የቤት መሥሪያ ሆኖ አገልግሏል። ቶሎ ያድጋል፤ ተቆርጦም መልሶ ያቆጠቁጣል። አጣናው ይሸጣል፤ ቅጠሉ እንጀራ ይጋገርበታል። የማይሰጠው ነገር ቢኖር ምግብ ነው። ሥሩ ርቆ ሄዶ ውኃ ስለሚሻማ በአጠገቡ የተዘራ ሰብል አይፋፋም፤ ቅጠሉንም ከብት አይበላውም። በጠባብ ተዳፋት ላይ የሚኖር ቤተሰብ ታዲያ ዛፍና ምግብን ከአንድ መሬት እንዴት ማግኘት ይችላል? መልሱ የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ብዙዎቹ ከመጡበት ከጋሞ ደጋ ይገኛል።

ጨንቻም ሆነ ሽሮ ሜዳ ከባህር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ያሉ ቀዝቃዛ ደጋዎች ናቸው። በጨንቻና በዶርዜ ቤት የሚሠራው በእንሰት መካከል ነው። በእንሰቱ ዙሪያ ቀርከሃው፣ ጎመኑና ድንቹ ይታያል። ከአሥርተ ዓመታት በፊት በሚሲዮናውያን አማካይነት የገባው ፖምም ዛሬ የአካባቢው መታወቂያና የገቢ ምንጭ ሆኗል። ለሽሮ ሜዳ የሚስማማው የጓሮ አተካከልም ይኸው ነው።

ስሙ አዲስ፣ ሥራው ነባር

የውጭው ዓለም ይህን አሠራር የምግብ ደን ይለዋል። እንግሊዛዊው ሮበርት ሃርት በትንሽ ጓሮው ውስጥ የደንን አበቃቀል ተከትሎ ከረጅም ዛፍ እስከ ሥራ ሥር ድረስ በሰባት ደረጃ የሚበሉ ተክሎችን በመትከል ይታወቃል። አውስትራሊያውያኑ ቢል ሞሊሰንና ዴቪድ ሆልምግሬን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት መጽሐፍ ተፈጥሮን የሚከተለውን ዘላቂ አስተራረስ ፐርማካልቸር ብለው ሰይመውታል።

ሥራው ግን ለኢትዮጵያ አርሶ አደር እንግዳ አይደለም። በጌዴኦ አገር በቀል ዛፍ ከላይ፣ እንሰት ከመካከል፣ ቡና ከሥሩ ሆነው በአንድ ማሳ ይኖራሉ። ዩኔስኮም የጌዴኦን መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። በአማራ ክልል ደግሞ በጣና ሐይቅ ዳር የሚገኘው የዘጌ ልሳነ ምድር ምስክር ነው። በገዳማቱ ትውፊት በዘጌ በሬ ጠምዶ ማረስ የተከለከለ በመሆኑ ሕዝቡ የኖረው ቡናን፣ ጌሾንና ፍራፍሬን በዛፍ ጥላ ሥር እየተከለ ነው። ደኑም እስከ ዛሬ ሊቆይ የቻለው ለባለቤቱ ጥቅም ስለሚሰጥ ነው።

ከጌዴኦና ከዘጌ የሚወሰደው አተካከሉ እንጂ የተክሎቹ ዓይነት እንዳልሆነ ግን ልብ ሊባል ይገባል። ቡናና ማንጎ የእንጦጦ ሥር ብርድ አይስማማቸውም። ለደጋ ጓሮ የሚመከሩት ፖም፣ ኮክ፣ ፕሪም፣ እንሰትና ጌሾ ናቸው። ከላይ ለጥላ ወይራና ኮሶ፣ ለመሬት ለምነት ደግሞ ናይትሮጂን የሚሰጠው ኮርች ይስማማሉ። ከታች ጎመን፣ ድንች፣ ዱባና አደንጓሬ፣ በዳር በዳሩም ጤና አዳምና ኮሰረት ይከተላሉ። አገር በቀል ዛፎቹ በዚህ ከፍታ እንዴት እንደሚያድጉ ማየት የሚፈልግ ሰው ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጋራ ያቋቋሙት፣ 705 ሄክታር ስፋት ያለው የጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል በዚያው በእንጦጦ ተራሮች ላይ ይገኛል።

በ200 ካሬ ሜትር ምን ይተከላል?

ሥራው የሚጀምረው ከውኃ ነው። የአዲስ አበባ ዝናብ አብዛኛው በክረምት ወራት ስለሚዘንብ ተዳፋት ላይ አፈሩን ጠርጎ ይወርዳል፤ በጋ ሲገባ መሬቱ ይደርቃል። ስለዚህ ከችግኙ በፊት የተዳፋቱን አግድመት ተከትሎ እርከንና የውኃ ማስረጊያ ቦይ መሥራት ይገባል። ጉድጓዱ በሚያዝያና በግንቦት ተቆፍሮ፣ የላይኛው አፈር ከብስባሽ ጋር ተደባልቆ ይጠብቃል። ችግኙ ዝናቡ ሲረጋ በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ ይተከላል።

ለፖም 4 ሜትር ያህል፣ ለእንሰት ደግሞ 2 ሜትር ያህል ርቀት ቢሰጥ 200 ካሬ ሜትር ጓሮ 4 ፖም፣ 2 ኮክና 8 እንሰት ይይዛል፤ ለአትክልትም ቦታ ይተርፋል። የሽሮ ሜዳ ተዳፋት ወደ ደቡብ ስለሚያይ ረጃጅሞቹ ዛፎች በላይኛው ጫፍ ቢተከሉ የበጋው ጥላቸው በአትክልቱ ላይ አይወድቅም። እንሰቱ ፍግና አመድ በቀላሉ እንዲደርሰው ከቤቱ አጠገብ ቢሆን ይመረጣል።

ፖም ሲገዛ የተዳቀለ ችግኝ መሆኑን ማረጋገጥ ያሻል። አንድ ዓይነት ዝርያ ብቻ መትከልም ፍሬ ያሳጣል። አና እና ዶርሴት ጎልደን የተባሉት ብዙ ብርድ የማይፈልጉ ዝርያዎች ጎን ለጎን ሲተከሉ አንዱ ሌላውን ያዳቅላል። ንብ ማነብም ለዚህ ይረዳል።

ትዕግሥት የሚጠይቀው ጊዜ

ብዙዎችን ተስፋ የሚያስቆርጠው የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጥበቃ ነው። ፖም ፍሬ ለማሳየት 2 እና 3 ዓመት ይፈልጋል፤ እንሰት በደጋ ለመድረስ ከ5 ዓመት በላይ ሊወስድ ይችላል። ባህር ዛፉን በአንድ ጊዜ ነቅሎ የጨረሰ ቤተሰብ በእነዚህ ዓመታት ማገዶም ምግብም ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ መሬቱን ከፋፍሎ በየዓመቱ ጥቂት በጥቂት መለወጥ ይሻላል። በተለወጠው ክፍል ላይ ጉቶው ካልተነቀለ ዳግም ያቆጠቁጣል። በወጣት ችግኞቹ መካከል ጎመን፣ ድንችና አደንጓሬ ቢዘሩ ከመጀመሪያው ክረምት ጀምሮ ማዕድ ይሞላሉ።

ሌላው ስጋት በሽታ ነው። የእንሰት አጠውልግ በሽታ ከታመመው ተክል ወደ ጤነኛው በቢላዋና በመቆፈሪያ ይተላለፋል። የታመመውን ነቅሎ መቅበር፣ መሣሪያውንም በእሳት ማጽዳት እስካሁን ዋነኛው መከላከያ ነው። ችግኝ ከማይታወቅ ጓሮ ማምጣትም አደጋ አለው።

በዚህ ረገድ የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች ድርሻ ከፍተኛ ነው። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአረንጓዴ አሻራ መርሐ ግብር በየክረምቱ ችግኝ ይተከላል፤ በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋትም ጓሮን የምግብ ምንጭ ለማድረግ ያለመ ነው። ሁለቱ በአንድ ጓሮ ሊገናኙ ይችላሉ። ለዚህ ግን ሪፖርቱ በተተከለው ብዛት ብቻ መቆም የለበትም። በበጋው ማን ውኃ እንዳጠጣ፣ በሦስተኛው ዓመት ስንቱ እንደጸደቀና ስንቱ ፍሬ እንደሰጠም ሊመዘገብ ይገባል። ለአርሶ አደሩም የተዳቀለ የፖም ችግኝና ከበሽታ ነፃ የሆነ የእንሰት ችግኝ በወቅቱ ማቅረብ፣ የልማት ጣቢያ ሠራተኛውም ከተከላው በኋላ ተመልሶ እንዲጎበኝ ማድረግ ያስፈልጋል።

ከእንጦጦ የሚወርደው የማገዶ ሸክም በአንድ ክረምት አይቀልም። ይሁንና በመጪው ግንቦት ሁለት ጉድጓድ የቆፈረ ቤተሰብ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ከጓሮው የሚለቅመው ፍሬ ይኖረዋል።