በታላቋ ብሪታንያ በቤት አገልጋዮች ላይ ስለ ተጣለው ግብርና ስለ መዝገቡ አጻጻፍ

በ18ኛው መቶ ዓመት በታላቋ ብሪታንያ ወንድ አሽከር ማሳደር የሀብትና የክብር ምልክት ሆኖ ይቈጠር ነበር። የአሜሪካ ቅኝ ግዛቶች ጦርነት የመንግሥቱን ግምጃ ቤት ባራቈተ ጊዜ፥ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሎርድ ኖርዝ በ1777 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) ጌታው ስለ እያንዳንዱ ወንድ አሽከር በዓመት አንድ ጊኒ፥ ማለት 21 ሽልንግ፥ እንዲከፍል ሕግ አስወጡ። አሳላፊ፥ ወጥ ቤት፥ በረኛ፥ ሠረገላ ነጂ፥ ባልደራስ፥ አትክልተኛና የአደን ጠባቂ ሁሉ በሕጉ ተዘርዝረዋል። ለእርሻ፥ ለንግድና ለእጅ ሥራ የተቀጠሩት ግን ከግብሩ ነጻ ነበሩ።

አዳም ስሚዝ ይህ ግብር ድኻውን ባይነካም በመካከለኛው ሰው ላይ እንደሚከብድ አመልክቷል፤ በዓመት 200 ፓውንድ የሚያገኝ አንድ አሽከር ሊያሳድር ሲችል፥ 10,000 ፓውንድ የሚያገኘው ግን 50 አሽከሮች አያሳድርምና። በ1785 ዓ.ም. በዊልያም ፒት ዘመን ሕጉ ተሻሽሎ፥ አሽከሮቹ በበዙ ቍጥር በነፍስ ወከፍ የሚከፈለው ከፍ እንዲል ተደረገ። በዚያው ዓመት ገረዶችም ተጨመሩ። አንዲት ገረድ ያለው 2 ሽልንግ ከ6 ፔንስ፥ ሁለት ያለው ስለ እያንዳንዳቸው 5 ሽልንግ፥ ሦስትና ከዚያም በላይ ያለው ስለ እያንዳንዳቸው 10 ሽልንግ ይከፍል ነበር። ላጤ የሆነ ጌታ ተጨማሪ ይከፍላል፤ ትንንሽ ልጆች ላሏቸው ቤተሰቦች ግን ይቀነስላቸው ነበር። ድኾች ሴቶችን ከእንጀራቸው ያፈናቅላል ተብሎ ብዙ የተነቀፈው ይህ የገረዶች ግብር በ1792 ዓ.ም. ቀረ።

አመዘጋገቡም እንደሚከተለው ነበር። በየአጥቢያው የተሾመ ገማች ለባለ ቤቶች ማስታወቂያ ይሰጣል፤ ባለ ቤቱም ያሉትን አገልጋዮች ያስታውቃል፤ ቅር የተሰኘ ለኮሚሽነሮች ይግባኝ ይላል። ከዚህ የተገኙት መዝገቦች አንድ ዓይነት አይደሉም። በ1780 ዓ.ም. ለእንግሊዝ አገር የተዘጋጀው ዝርዝር የጌታውን ስምና የአሽከሮቹን ብዛት ብቻ ሲሰጥ፥ ከ1777 እስከ 1798 ዓ.ም. የተጻፉት የስኮትላንድ መዝገቦች ግን ብዙውን ጊዜ የአገልጋዩን ስምና የሥራውን ዓይነት ጭምር ይገልጻሉ። ስለዚህ በእንግሊዙ ዝርዝር ውስጥ ቍጥር ብቻ የሆነው ሰው በስኮትላንዱ በስሙ ይታወቃል።

ከሁሉ ይልቅ አከራካሪ የነበረው የቤት አገልጋይ ማን ነው የሚለው ጥያቄ ነው። ጧት እርሻ ውሎ ማታ የጌታውን ፈረስ የሚጠርግና በማዕድ የሚያሳልፍ ሰው ከገበሬ ይቈጠራል ወይስ ከአሽከር? እንዲህ ያለው ክርክር ከኮሚሽነሮች አልፎ ወደ ከፍተኛ ዳኞች ይቀርብ ነበር። የታሪክ ምሁር የሆኑት ካሮሊን ስቲድማን በ2009 ዓ.ም. ባሳተሙት መጽሐፍ፥ እነዚህ የይግባኝ ጽሑፎች ስለ አገልጋዮች የዕለት ሥራ ብዙ እንደሚያስረዱ አሳይተዋል።

የወንዶቹ ግብር በ1869 ዓ.ም. በ15 ሽልንግ የፈቃድ ክፍያ ተለውጦ እስከ 1937 ዓ.ም. ቈይቷል። በእነዚህ መዝገቦች የሚሠራ ተመራማሪ ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ፤ መዝገቡ የሚቈጥረው አገልጋዮችን ሁሉ ሳይሆን ግብር የተጣለባቸውን ብቻ ነው። ገረዶች ከ1792 ዓ.ም. በኋላ ከመዝገቡ የጠፉት ሥራቸውን ስለ ተዉ ሳይሆን ግብሩ ስለ ቀረ ነው።