ደርሶ መልስ ከአየር ጤና እስከ ወሊሶ

በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ከአየር ጤና በጧት ተነሥታችሁ ወሊሶ ለመድረስ፣ እዚያ ጥቂት ሰዓት ውላችሁም በዚያው ዕለት ቤታችሁ ለመግባት አስባችኋል እንበል። ሐሳባችሁን ለወላጆቻችሁ ስትገልጹ ምን ትጠየቃላችሁ? «ወሊሶ ስንት ኪሎ ሜትር ነው?» ብሎ የሚጀምር እናት ወይም አባት እምብዛም አይገኝም። የሚቀድመው ጥያቄ «ስንት ሰዓት ትመለሳላችሁ?» የሚል ነው። አብዛኞቹ ተማሪዎች «ሳይመሽ እንመጣለን» ብለው ይመልሳሉ። ይህ መልስ ተስፋን እንጂ ዕቅድን አይገልጽም። ዕቅድ የሚባለው፣ ቤት የቀረ ሰው ወረቀቱን ተመልክቶ «ልጆቹ አሁን የት ደርሰው ይሆን?» ለሚለው ጭንቀቱ በራሱ መልስ ሊያገኝበት የሚችለው ጽሑፍ ነው። ስለ ገላጭ ድርሰት በምንማርበት በዚህ ክፍል የጉዞ ዕቅድን በምሳሌነት የመረጥነውም፣ ቃሉ ግልጽ ሳይሆን ቢቀር ማምሻውን ከደጅ ቆሞ የሚጨነቅ ሰው ስለሚኖር ነው።

የአንድ ቀን ጉዞ ዕቅድ የሚታሰበው ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ነው። መጨረሻው የፀሐይ መጥለቂያ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ የቀኑ ርዝመት ከወር ወር ብዙ አይለዋወጥም፤ በታኅሣሥ ከ11 ሰዓት ተኩል ጥቂት ይበልጣል፣ በሰኔ ደግሞ 12 ሰዓት ተኩል ያህል ይሆናል። በኅዳር ፀሐይ 12 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች፤ በሐምሌ ወደ 12 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ትጠጋለች። በስዊድን አገር በስቶክሆልም የሚኖር እኩያችሁ በሰኔ ወር ጉዞ ቢወጣ፣ በእኛ አቆጣጠር እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ፀሐይ አትጠልቅበትም። እኛ ዘንድ ግን ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ድንግዝግዙ ብዙ አይቆይም፤ ወዲያው ይጨልማል።

በዚህ ረገድ የአገራችን የሰዓት አቆጣጠር ለመንገደኛ እጅግ የተመቸ ነው። ቁጥሩ ከንጋት ስለሚነሣ፣ የቀኑ 9 ሰዓት ሆነ ሲባል ሌላ ስሌት ሳያስፈልግ ሦስት ሰዓት ያህል የቀን ብርሃን እንደቀረ ይታወቃል። የእጅ ስልካችሁ በውጭ አገር አቆጣጠር የተሞላ እንደ ሆነ ግን በሁለቱ መካከል የ6 ሰዓት ልዩነት መኖሩን አትዘንጉ። አንዱ ተጓዥ በአንዱ አቆጣጠር፣ ሌላው በሌላው ቀጠሮ ይዞ አንደኛው መናኸሪያ ቆሞ የሚቀርበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

እንግዲህ ወደ ስሌቱ እንግባ። ወሊሶ ከመሐል አዲስ አበባ 114 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። አየር ጤና ከመሐል ከተማው በስተምዕራብና ደቡብ በመንገዱ ላይ ስለሚገኝ የእናንተ ጉዞ ከዚህ ጥቂት ያጥራል፤ ሆኖም ዕቅድ ስታወጡ ትልቁን ቁጥር መያዝ አይጎዳም። እስከ ሰበታ ያለው 25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በቤትና በተሽከርካሪ የተጨናነቀ ስለሆነ አንድ ሰዓት ሙሉ ስጡት። የቀረውን 90 ኪሎ ሜትር ያህል ደግሞ በሰዓት በአማካይ 50 ኪሎ ሜትር ብትሄዱ አንድ ሰዓት ከ48 ደቂቃ ይወስዳል። በድምሩ ከሦስት ሰዓት ጥቂት የሚያንስ ጊዜ ያስፈልጋል ማለት ነው። አሁን ወደ ኋላ ቁጠሩ፤ 12 ሰዓት ቤት ለመግባት፣ ለጎማ ብልሽት፣ ለዝናብና ለተጨናነቀ መንገድ አንድ ሰዓት ያህል መጠባበቂያ ሲቀነስ 11 ሰዓት ገደማ አየር ጤና መድረስ ይገባችኋል። ስለዚህ ከወሊሶ የምትነሡት 8 ሰዓት ላይ ነው። ከጧቱ 12 ሰዓት ተኩል ከአየር ጤና ከተነሣችሁ 3 ሰዓት ከ20 ገደማ ወሊሶ ትደርሳላችሁ፤ ለጉብኝት የሚቀራችሁም 4 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ብቻ ነው።

ከመካከላችሁ «አስፋልት ነው፤ በፍጥነት እየነዳን እናካክሰዋለን» የሚል አይጠፋም። ይህንን ሰው በቁጥር መመለስ ይቻላል። ከሰበታ እስከ ቱሉ ቦሎ ያለው መንገድ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚነዳ 41 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚነዳ 33 ደቂቃ። ትርፉ 8 ደቂቃ ብቻ ነው። ኪሳራውንስ? አንድ ጥጃ ድንገት ወደ መንገዱ ቢገባ፣ ሹፌሩ አደጋውን አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ ባለችው አንዲት ሰከንድ የመጀመሪያው መኪና 22 ሜትር፣ ሁለተኛው 28 ሜትር ይጓዛል። ፍሬን ከተያዘ በኋላ ደግሞ መቆሚያው ርቀት የሚያድገው በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን በፍጥነቱ ካሬ ልክ ነው። በመሆኑም ሁለተኛው መኪና ለመቆም ከመጀመሪያው አንድ እጥፍ ተኩል የሚበልጥ መንገድ ይፈልጋል። ጥጃው ግን ያለው እዚያው ነው። በፊዚክስ ትምህርት የምታገኙት ይህ ሕግ ከአስፋልቱ ላይ ወጥቶ በዓይን የሚታይበት አጋጣሚ ለማንም አይመኙትም።

መንገዱን በስሙ ማወቅ የዕቅዱ ዋና ክፍል ነው። የምትሄዱበት የጅማ መንገድ ነው። በኢጣሊያ ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ከተሠሩት ዋና ዋና መንገዶች አንዱ ነበር፤ ከዚያ ወዲህም በየጊዜው ታድሷል። የአውራ ጎዳና ባለ ሥልጣን የተቋቋመው በ1943 ዓ.ም. ነው። (እግረ መንገዳችንን፦ «አውራ» የሚለውን ቃል በ«አውራ ጣት» እና በ«አውራ ዶሮ» ውስጥ ታውቁታላችሁ፤ ዋና፣ የሌሎቹ አለቃ ማለት ነው። ስለዚህ መንደር ለመንደር የሚያገናኘውን ጥርጊያ መንገድ አውራ ጎዳና ብሎ የጻፈ ተማሪ ቃሉን አለቦታው አውሎታል።) ከአየር ጤና ስትወጡ መጀመሪያ የምታገኙት ዓለም ገና ነው። የመንገድ ባለ ሙያዎች ማሠልጠኛ የሚገኘው እዚህ ነው። መንገዱም እዚህ ይከፈላል፤ በግራ በኩል ያለው ወደ ቡታጅራ ይሄዳል፤ እናንተ በቀጥታ ወደ ሰበታ ትቀጥላላችሁ። በሰበታ አትቁሙ። ቁርስ ቤት በልቶ መውጣት ይሻላል።

ሰበታን አልፋችሁ ወደ ተፍኪ ስትቃረቡ የበቾ ሜዳ ይዘረጋል። በዚህ ሜዳ ላይ ጥቂት መቆየት ይገባናል፤ የጉዞው ወቅት የሚወሰነው እዚህ ነውና። አፈሩ ጥቁር መረሬ ነው። መረሬ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ በበጋ ሲደርቅ ደግሞ እግር እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል። ጤፍ፣ ሽምብራና ጓያ ይስማማዋል፤ በላዩ ለተሠራ መንገድ ግን ጠላት ነው። ሥሩ በየዓመቱ ስለሚያብጥና ስለሚኮማተር አስፋልቱ ይወዛወዛል፣ ዳሩም ይሰባበራል። መሐንዲሶች በእንዲህ ዓይነቱ ሥፍራ አፈሩን ቆፍረው በሌላ የሚተኩት ወይም ወፍራም ድልድል የሚያለብሱት ለዚህ ነው። በዚሁ ሜዳ የአዋሽ ወንዝ ያልፋል። አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ደጋ ተነሥቶ፣ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ፣ ባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ድንበር አጠገብ አቤ ሐይቅ ውስጥ የሚጠፋ ወንዝ ነው። እዚህ ገና ልጅ ነው። ቢሆንም በክረምት ሜዳው ለጥ ያለ በመሆኑ ከአፉ እየወጣ ማሳውን የሚያጥለቀልቅበት ጊዜ አለ። በሐምሌና በነሐሴ ይህን ጉዞ የሚያቅድ ሰው መጠባበቂያውን ከአንድ ሰዓት ወደ ሁለት ማሳደግ አለበት። በእኔ ግምት የተሻለው ወቅት ኅዳርና ታኅሣሥ ነው። ጤፉ የሚታጨድበትና የሚወቃበት ጊዜ በመሆኑ ለዓይንም ያስደስታል። ነገር ግን በዚሁ ወቅት ጭድና እህል የጫኑ አህዮችና ጋሪዎች በመንገዱ ዳር ይበዛሉ። ማታ ማታ ከ11 ሰዓት አንሥቶም ከብቶች ከግጦሽ ወደ በረት ሲመለሱ አስፋልቱን ያቋርጣሉ። ከወሊሶ 8 ሰዓት ላይ መነሣት የሚያስፈልግበት ሌላው ምክንያት ይኸው ነው፤ ከብት መግቢያ ሳይደርስ ሜዳውን ታልፋላችሁ።

ከበቾ በኋላ ቱሉ ቦሎ፣ ከዚያም ወሊሶ ነው። ወሊሶ የደቡብ ምዕራብ ሸዋ ዞን ዋና ከተማ ስትሆን ቀድሞ ግዮን ትባል ነበር። ፍል ውሃዋና ዛፎቿ ይታወቃሉ። የጉዞ ዕቅድ የሚፈተነውም እዚህ ላይ ነው። በወሊሶና በአምቦ መካከል፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ በሚል ተራራ አናት ላይ የወንጪ ሐይቅ አለ። ጥንት በፈነዳ እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ፣ በመካከሉም ደሴት ያለው ሐይቅ ነው። የወንጪ መንደር በ2014 ዓ.ም. ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ሆኖ በዓለም የቱሪዝም ድርጅት ተመርጧል። ይህን የሰማ አንድ ጓደኛችሁ ወሊሶ ከደረሳችሁ በኋላ «እዚህ ድረስ መጥተን ወንጪን ሳናይ?» ቢል ነገሩ ያጓጓል። ያላችሁ ግን 4 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ነው። ወደ ተራራው መውጣትና መመለስ፣ ቁልቁል ወደ ሐይቁ መውረድና መልሶ መውጣት ይህንን ሁሉ ሰዓት ይበላዋል፤ ምሳም የለም፣ ወሊሶም አልታየችም። ወንጪን ማየት የፈለገ ቡድን ከመጀመሪያው ለወንጪ ያቅድ፤ ከተቻለም አንድ ሌሊት ያክልበት። መንገድ ላይ ተወልዶ ወደ ዕቅድ የሚገባ ሐሳብ የሚከፈለው ከመጠባበቂያው ሰዓት ነው።

የመጓጓዣው ነገር እንደየቡድኑ አቅም ይለያያል። በሕዝብ ማመላለሻ የሚሄድ ቡድን፣ መኪናው የሚነሣው ሲሞላ መሆኑን ማሰብ አለበት። ስለዚህ 12 ሰዓት ተኩል ለመነሣት ከ12 ሰዓት በፊት መናኸሪያ መገኘት ያሻል። ወሊሶ እንደደረሳችሁም፣ ገና ከመናኸሪያው ሳትወጡ፣ ወደ አዲስ አበባ የሚመለሱት መኪኖች እስከ ስንት ሰዓት እንደሚገኙ ጠይቁ። ትርፍ ሰው የጫነ መኪና ላይ መውጣት የጊዜ ትርፍ የለውም። መኪና የተከራየ ወይም የቤተ ሰብ መኪና ያገኘ ቡድን ደግሞ የነዳጁን ሒሳብ ራሱ ይሥራ። ደርሶ መልስ 228 ኪሎ ሜትር ነው፤ መኪናው በ100 ኪሎ ሜትር 10 ሊትር የሚፈጅ ቢሆን 23 ሊትር ያህል ይሆናል፤ 5 ሊትር መጠባበቂያ ይጨመርበታል። ጎማና ፍሬን፣ የሞተር ዘይት፣ ተጠባባቂው ጎማ (ስኮርታው) እና ክሪኩ የሚታዩት በዋዜማው ነው። ስኮርታው አየር እንደሌለው የበቾ ሜዳ መሐል ላይ ያወቀ ሰው ሜዳውን ከሚፈልገው በላይ ያየዋል። በመጨረሻም፣ ባለፉት ዓመታት በአገራችን በአንዳንድ መንገዶች ላይ የጸጥታ ችግር መድረሱ የታወቀ ስለሆነ፣ በዋዜማው መንገዱ ሰላም መሆኑን መናኸሪያ ሄዶ ወይም በዚያ መስመር ከሚሠሩ ሹፌሮች ጠይቆ ማረጋገጥ የግድ ነው። ሰላም ካልሆነ ጉዞው ይቀራል፤ ወሊሶ የትም አትሄድም።

አሁን ይህ ሁሉ በጽሑፍ እንዴት ይሰፍራል? አንድ ቡድን የጻፈውን እንመልከት፦ «ቅዳሜ በጧት ተነሥተን ወደ ወሊሶ እንሄዳለን። ጎብኝተን እንመለሳለን። ብንዘገይ እንደውላለን።» ዓረፍተ ነገሮቹ የሰዋስው ስሕተት የለባቸውም። ነገር ግን «በጧት» የሚለው ቃል ከ11 እስከ 3 ሰዓት ድረስ ሊለጠጥ ይችላል፤ «ብንዘገይ» የሚለውም ከየትኛው ሰዓት በኋላ መዘግየት እንደሚባል አይናገርም። ይኸው ሐሳብ ተሻሽሎ እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦

«ቅዳሜ ከጧቱ 12 ሰዓት ተኩል ከአየር ጤና መናኸሪያ እንነሣለን። 2 ሰዓት ከ40 ገደማ ቱሉ ቦሎ፣ 3 ሰዓት ከ20 ወሊሶ እንደርሳለን፤ እንደደረስን እንደውላለን። ከወሊሶ 8 ሰዓት ላይ እንነሣለን። 11 ሰዓት ገደማ አየር ጤና እንደርሳለን። እስከ 9 ሰዓት ድረስ ከወሊሶ ካልተነሣን የሌሊት ጉዞ አንሞክርም፤ እዚያው እናድራለን፣ የምናድርበትንም ቦታ በስልክ እንገልጻለን።»

በሁለተኛው ጽሑፍ ውስጥ «ካልተነሣን» የሚለውን ግሥ ልብ በሉ። «ብንዘገይ» የነበረው ድርጊት እዚህ ሰዓት ተቆርጦለታል፤ ከሰዓቱ በኋላ ምን እንደሚደረግም አስቀድሞ ተወስኗል። ውሳኔው አየር ጤና ተቀምጦ፣ ድካምና ጉጉት ሳይኖር የተሰጠ ስለሆነ፣ ወሊሶ ላይ በ9 ሰዓት ተኩል «እንሞክረው፣ አንሞክረው» እየተባለ ክርክር አይነሣም። «ገደማ» የሚለው ቃል ከሁለት የመድረሻ ሰዓቶች ጎን ተቀምጧል፤ ከመነሻ ሰዓት ጎን ግን አንድም ቦታ የለም። መነሻው በእናንተ እጅ ነው፤ መድረሻው የመንገዱም ነው።

ዕቅዱ በሁለት ቅጂ ይጻፋል። አንደኛው ቅጂ የቡድኑ መሪ ኪስ ውስጥ ይገባል፤ የተጓዦቹ ስምና የወላጆቻቸው ስልክ ቁጥር በጀርባው ይሰፍራል። ሁለተኛው ቤት ይቀራል።